ግማሽ ዓመት ምርቃት

አሜሪካ ዋጋ የማይከራከሩባት አገር ናት። ዋጋው ዕቃው ላይ ተለጥፎ ይጠብቃችኋል፤ ወይ ትከፍላላችሁ፣ ወይ ትታችሁ ትወጣላችሁ። ትታችሁ ስትወጡ ደግሞ ማንም አይጠራችሁም። ይህ ለእኛ ሰው ምን ማለት እንደሆነ የሚገባው፣ ከሱቅ በር ወጥቶ፣ የረሳው ነገር ያለ ይመስል እርምጃውን ቀንሶ፣ «እሺ ና፣ ተመለስ» የሚል ድምፅ ከጀርባው ሲጠብቅ ያደገ ሰው ብቻ ነው። እዚህ እርምጃችሁን ብትቀንሱ ከኋላ ያለው ሰው በጋሪ ተረከዛችሁን ይገጫችኋል።

መኪና ሲገዛ ይቻላል የሚሉ አሉ። ሞክሬዋለሁ። ሻጩ እየደጋገመ ወደ አለቃው ቢሮ ገባ፣ እየደጋገመ ፊቱን አጥቁሮ ወጣ፣ በመጨረሻ የጎማ ምንጣፍ ጨመረልኝ። ያ ክርክር አይባልም፤ ተማረክሁ እንጂ አልተከራከርኩም። የሆስፒታል ቢል ላይም ይቻላል ይላሉ። ከዚያ ሙከራ ያተረፍኩት፣ ስልክ ላይ እያስጠበቁ የሚያሰሙትን ሙዚቃ በቃሌ መያዝ ነው። እናም ያ ሁሉ ሙያ እዚህ ቴክሳስ ውስጥ ተቀብሮ ሊቀር ነው ብዬ ሳዝን ነበር፣ ክርክር የሚፈቀድበት አንድ ዕቃ እስካገኝ ድረስ።

ዕቃው ዕድሜ ነው።

አትደንግጡ፤ ነገሩ ሳይንስ ነው። አዲስ ሕክምና በወጣ ቁጥር «ይህ ገንዘብ ይገባዋል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ አካል አለ። ሕክምናው ዕድሜ የሚያስረዝም ከሆነ ሂሳቡ ቀላል ነው፤ የተጨመረውን መቁጠር ነው። ግን የጉልበት ሕክምና ዕድሜ አያስረዝምም። ያንኑ ዕድሜ ደረጃ እየወጡ መኖር ያስችላል እንጂ። ታዲያ «የተሻለ ኑሮ» በምን ይቆጠራል? የዘርፉ ሰዎች አሰቡና እንዲህ አሉ፦ ሙሉ ጤና አንድ ይሁን፣ ሞት ዜሮ ይሁን፣ የቀረነው መካከል ላይ እንደየሕመማችን እንሰለፍ። እኔ ከነወገቤ ዜሮ ነጥብ ስምንት ገደማ እሆናለሁ ብዬ እገምታለሁ። ሚስቴ ከዚያ ዝቅ ታደርገዋለች።

ቁጥሩ እንዴት ይገኛል ብትሉ፣ ሰውየውን በመጠየቅ ነው። «ከዚህ ሕመምህ ጋር አሥር ዓመት መኖር ይሻልሃል፣ ወይስ በሙሉ ጤና አምስት ዓመት?» ለጤናው ሲል ከአሥሩ ሦስቱን ከተወ፣ ሕመሙ ሦስት ዓመት ያህል ይከብደዋል ማለት ነው። ምንም ካልተወ፣ ሕመሙ ምንም አይከብደውም ማለት ነው። ይቺን የመጨረሻዋን ያዙልኝ፤ ኋላ ታስፈልገናለች።

እኔ ይህን ሁሉ ከየት አወቅሁት? ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ነው። አሁን የሚያውቁኝ አንባቢዎች «መጣ እንግዲህ» እንደሚሉ ይገባኛል፤ ቢሆንም የማያውቁኝም አሉና በአጭሩ ልናገረው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ከክፍሌ አንደኛ ወጥቼ ተመረቅሁ። ዲፓርትመንቱ አንድ የረዳት መምህርነት ቦታ ነበረው። የቃለ መጠይቁ ማስታወቂያ ጠዋት ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ምሳ ሳይደርስ ተነቀለ፤ ያየው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሁለተኛ የወጣው ነው። ስሙን አልጠራም። እሱ ረዳት መምህር ሆነ፣ ውጭ ሄደ፣ ዶክተር ሆነ። እኔ ደግሞ ዞሬ ዞሬ በዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያና በአንድ ሆቴል መካከል ሻትል እነዳለሁ። አጭሩ ይኼ ነው። ረጅሙን የሚፈልግ ካለ በማንኛውም ልቅሶ ቤት ያገኘኛል። የሥራ ባልደረቦቼ ሰምተው ሰምተው ስሜን ትተው «ሌክቸረር» ይሉኛል፤ ሚስቴ ደግሞ ነገሩ ሰሌዳው ጋ ሲደርስ ተነስታ ዕቃ ታጥባለች።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት፣ በዳላስ አንድ የጥናት ቢሮ የጉልበት ሕመም ያለባቸውን ሰዎች በየቋንቋቸው የሚጠይቅ ሰው ፈለገ። የአማርኛው ተጠያቂ ከእኛው ሰው ነው፣ ጠያቂውም ከእኛው እንዲሆን ታሰበ። አመለከትኩ፤ ጠሩኝ። የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ሊንዳ የምትባል፣ ፀጉሯን በእርሳስ የምትጠቀልል ሴት ናት። ኢኮኖሚክስ መማሬን ስትሰማ ደስ አላት። ሦስት የሙከራ ቃለ መጠይቆች እንዳደርግ፣ እነሱ ጥሩ ከሆኑ ቋሚ ሥራው የእኔ እንደሚሆን ነገረችኝ። ቋሚ ሥራ፤ ከነጠረጴዛው። ጠረጴዛውን አየሁት። መስኮት አጠገብ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ዘግይቶ የመጣ ቢሆንም የእኔ ጠረጴዛ መሆኑን ሳየው አወቅሁት።

ሕጎቹ ጥቂት ነበሩ። የስክሪኑን ጽሑፍ እንዳለ ማንበብ። መልስ አለመጎትጎት። ስለራስ አለማውራት። ሁሉም ነገር በድምፅ ይቀዳል፤ ሶልያና የምትባል እዚሁ ያደገች ልጅ ሰምታ ወደ እንግሊዝኛ ትመልሰዋለች።

እኔ ሦስቱን እስክጨርስ መታገስ አልቻልኩም። ሻትል ላይ ለሁሉም አወራሁ። ባልደረቦቼ ዶናት ገዝተው ሸኙኝ፤ ከመካከላቸው በዲቪ ሎተሪ ከመጣ ዓመት ያልሞላው ሳሚ የሚባለው ቀልደኛ ንግግር አደረገ፤ «ሌክቸረር ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለወደፊቱ አወራ» አለ። ተጨበጨበ። እኔም ዶናቱን በላሁ። አንድ ሰው የመሸኛውን ዶናት ከበላ በኋላ ወደዚያው ሥራ መመለስ እንደማይችል ይገባችኋል ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው ተጠያቂዬ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩ። «አሥር ዓመት በዚህ ጉልበት፣ ወይስ አምስት በሙሉ ጤና?» ስላቸው መነጽራቸውን አወለቁና፣ ዕድሜ የእሳቸው እንዳልሆነ፣ የሰው ንብረት ይዘው ገበያ እንደማይወጡ ነገሩኝ። ስድስት? ሰባት? ዘጠኝ? ያው ነው። አንድ ቀን እንኳ አልነኩም። ሁለተኛው በግራንድ ፕሬሪ ዌርሃውስ የሚሠራ የሦስት ልጆች አባት ነው። እሱ ደግሞ ገና ጥያቄውን ሳልጨርስ፣ በሙሉ ጤናው ዓመት ውስጥ ኦቨርታይም አለው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ስክሪኑ ስለ ኦቨርታይም አይልም አልኩት። እንግዲያው አንድ ዓመት ይበቃኛል፣ እሷን ተኝቼ አሳልፋታለሁ አለ። ዘጠኙን ዓመት እንደ ቆሻሻ ከረጢት ደጅ አወጣው።

ዶክተር ሊንዳ ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን አስቀምጣ እርሳሱን ከፀጉሯ አወጣች። አንዱ ምንም አይሰጥም፣ አንዱ ሁሉንም ይሰጣል። ጥፋቱ የሰዎቹ ነው የጠያቂው? ይህን በፈገግታ ነው ያለችው፤ አሜሪካዊ አለቃ ፈገግ ሲል መጠንቀቅ እንዳለባችሁ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ሦስተኛው ይለየዋል ተባባልን። በሌላ አነጋገር፣ ጠረጴዛዬ በአንድ ሰው ጉልበት ላይ ተንጠለጠለ።

የዚያ ጉልበት ባለቤት እትዬ አስካለ ናቸው።

እትዬ አስካለ መርካቶ ሸማ ተራ ሠላሳ ዓመት ነግደዋል። አሁን ዋይሊ በምትባል የዳላስ ዳርቻ ከተማ ከልጃቸው ከቤዛ ጋር ይኖራሉ። ቤዛ ነርስ ናት፤ ቤቱ አዲስ ነው፣ ሰፊ ነው፣ መኝታ ቤቶቹ በሙሉ ፎቅ ላይ ናቸው። የእትዬ ጉልበት ደግሞ ፎቅ አይወጣም። ስለዚህ መግቢያው አጠገብ ባለችው፣ ቤት ሠሪዎቹ «ኦፊስ» በሚሏት የመስታወት በር ባላት ክፍል አልጋ ተዘረጋላቸው። በዚህ የተነሳ ወደ ቤቱ የገባ እንግዳ ሁሉ በመጀመሪያ የሚያየው እትዬ አስካለን ነው፣ ተኝተውም ቢሆን። መስታወቱ ላይ ነጠላ ሰቅለዋል፤ ግን ነጠላ ምን ይጋርዳል። ሠላሳ ዓመት መስታወት ውስጥ ዕቃ ሰቅዬ ሸጥኩ፣ አሁን ደግሞ እኔኑ ሰቀሉኝ ይላሉ። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ፎቅ ወጥተው በር ዘግተው መተኛት።

ስደርስ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ መራመጃ ዎከራቸውን እንደ ከዘራ ፊት ለፊታቸው አቁመው ጠበቁኝ። ታብሌቱን ዘረጋሁ፣ መቅጃውን ከፈትኩ፣ መግቢያውን አነበብኩ። በጥሞና ሰሙኝና የመጀመሪያ ጥያቄያቸውን ጠየቁ።

«ሻጩ ማነው?»

ሻጭ እንደሌለ፣ ይህ ሐሳብ ብቻ እንደሆነ አስረዳሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሻጭ የለም የሚል ሻጭ በሕይወታቸው ብዙ አይተዋል።

«ከዚህ ጉልበት ጋር አሥር ዓመት፣ ወይስ በሙሉ ጤና አምስት ዓመት?» አልኩ።

እትዬ አስካለ ሳቁ። ክፉ ሳቅ አይደለም፤ ዕቃ እንደማያውቅ ሰው ለቆጠራቸው ሰው የሚስቁት ነው። «አምስት?» አሉ። «አንተ ልጅ፣ የመጀመሪያ ሽያጭህ ነው እንዴ?»

ከዚያም ተነሱ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፣ ምክንያቱም እሳቸውም ብዙ ቆይተዋል። እትዬ ያደረጉት በገበያ የታወቀውን ነገር ነው፤ ጥሎ መሄድ። ጥሎ መሄድ ግን ጉልበት ይፈልጋል። መጀመሪያ ዎከሩን ያዙ፣ አቃሰቱ፣ ቀና አሉ፣ ትንፋሽ ወሰዱ፣ ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስታወቱ በር አዞሩ። ዎከሩ ተገፋ። አንድ እግር ተጎተተ። ሌላው ጥቂት አስቦ ተከተለ። እኔ «ይመለሱ እሺ» እንድላቸው እየጠበቁ እንደሆነ ጀርባቸው ላይ ተጽፏል፤ ጆሯቸው ራሱ ወደ ኋላ ዞሯል። ሕጉ ግን መልስ አትጎትጉት ይላል። መቅጃው ይቀዳል። ዝም አልኩ። በአማርኛ የንግድ ታሪክ ውስጥ፣ ሲሄድ ያየውን ገዢ ያልጠራ ሻጭ እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም።

በሩ ጋ ደረሱና ቆሙ። ከዚያ ወዲያ መሄጃ የለም፤ ያለው ሳሎን ነው። ነጠላውን እንደማስተካከል አደረጉ። እኔም በጭንቀት ስክሪኑን አየሁ። እምቢ ያለ ሰው ሲያጋጥም ማሽኑ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ይጨምራል።

«በሙሉ ጤና ስድስት ዓመትስ?» ብዬ አነበብኩ።

እትዬ አስካለ ሳይዞሩ ፈገግ ሲሉ በመስታወቱ ውስጥ አየኋቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እናንተም ገምታችሁታል። ተመልሰው ተቀመጡ። ስድስቱን አጣጣሉት። ሰባቱን ሲሰሙ ወደ ጣሪያ አዩ። ስምንት ላይ ስደርስ፣ ጎረቤቴ ከዚህ የተሻለ እንደተሰጣት ሰምቻለሁ አሉ። የትኛዋ ጎረቤት እንደሆነች አልነገሩኝም፤ ዋይሊ ውስጥ ጎረቤታቸውን እንደማያውቁ አውቃለሁ። ዘጠኝ ላይ አፋቸው ትንሽ ለሰለሰ። ዘጠኝ ተኩል ስል እጃቸውን ዘርግተው እጄን ያዙ።

«በቃ ጨርሰናል» አሉ። «ግማሿን ምርቃት አድርግልኝ።»

አሥር። ምንም አልሰጡም። ታብሌቱ አሰበና ውጤቱን አወጣ፤ አንድ። ሙሉ ጤና። ከወንበር እስከ በር ለመድረስ ያን ሁሉ ዘመን የፈጀባቸው ሴት፣ በሳይንሱ ሚዛን፣ ከእኔ በላይ ጤነኛ ሆነው ተገኙ። ያቺን ያዙልኝ ያልኳችሁን ዓረፍተ ነገር አሁን መልሱልኝ።

መናገር አልነበረብኝም፤ ግን ጠረጴዛዬ ከመስኮቱ ጋር ሲርቅ እየታየኝ ነበር። «እትዬ፣ እንዲህ ከሆነ እኮ ጉልበትዎ ምንም አያስቸግርዎትም ማለት ነው» አልኳቸው።

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያስቸግረኛል እንጂ፤ ሌሊት ሌሊት ያስለቅሰኛል። ግን ዕቃው ክፉኛ እንደሚያስፈልግህ ለሻጭ ትነግረዋለህ?»

እሳቸው ደግሞ ክርክር ያሸነፈ ሰው ለተሸናፊው የሚሆነውን ያህል ደግ ሆኑ። የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ምን እንደተማርኩ፣ ይህን የመሰለ ሰው በየሰው ቤት ዕድሜ ይዞ ምን እንደሚያዞረው ጠየቁኝ። እንግዲህ ተጠይቄ ነው። ነገርኳቸው። ረጅሙን። ሰሌዳውን፣ ማስታወቂያውን፣ ያንን ሰውዬ፣ የዲፓርትመንቱን ኃላፊ ፊት፣ የግቢውን ጽድ፣ ሁሉንም። እትዬ አንዴም ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ሲያበቃ ከንፈራቸውን መጠጡና፣ አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ስንት ዓመት ሆነው አሉ። ነገርኳቸው። መቅጃው ሥራ ላይ እንደነበር ያስታወስኩት መኪናዬ ውስጥ ነው።

ዶክተር ሊንዳ ከጥቂት ቀን በኋላ አስጠራችኝ። ሶልያናም ነበረች። ሊንዳ የተተረጎመውን ወረቀት ፊቷ ዘርግታ፣ ተጠያቂዋ ጥያቄው ገብቷቸው ነበር ወይ ብላ ጀመረች። እዚያ ላይ፣ ከዩኒቨርሲቲ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እንደ ኢኮኖሚስት ተናገርኩ። ሴትየዋ ጥያቄው ከአውጪዎቹ የበለጠ ገብቷቸዋል አልኳት። ማሽናችሁ እምቢ ባሉት ቁጥር ይጨምራል፤ እምቢ ማለት እንደሚያስጨምር ያወቀ ሰው ደግሞ እሺ የሚልበት ምክንያት የለውም። እናንተ ሕመም የምትለኩ ይመስላችኋል፤ የለካችሁት ክርክር የመቻል ችሎታ ነው። አፍ የሌለው ሰው ሕመሙ ከባድ ይባላል፣ ነጋዴዋ ጤነኛ ትባላለች።

ሊንዳ እርሳሱን አውጥታ መጻፍ ጀመረች። ብዙ ጻፈች። ይህ በጣም ጠቃሚ ነው አለች። ልቤ መስኮት አጠገብ ደርሳ ተቀመጠች።

ከዚያ ገጹን ገለጠችና ሶልያናን አየቻት። ሶልያና በወንበሯ ተቁነጠነጠች።

«ሶ… ማለቴ፣ አንተ ከዚያ በኋላ ብዙ አወራህ» አለችኝ። «ሎንግ ነበር። እኔ ሳመራይዝ አደረግኩት፣ ኦኬ?»

ወረቀቱን ሰጠችኝ። ያ ሁሉ ነገር፣ ሃያ ሁለት ዓመት በየልቅሶ ቤቱ ሳሻሽለው የኖርኩት ታሪክ፣ በእንግሊዝኛ አራት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ሆኗል። ልተርጉምላችሁ፦ «ጠያቂው ስለ ሥራ አወራ። ሥራውን ሌላ ሰው ወሰደበት። በጣም ድሮ ነው። እስካሁን ተናዷል።»

ስህተት ፈለግሁበት። አላገኘሁም። ቢያንስ ማስታወቂያው ይገባ ነበር አልኳት። ሶልያና በእውነት አዝና፣ ማስታወቂያው ጋ ስትደርስ ፋስት ፎርዋርድ እንዳደረገችው ነገረችኝ።

ፍርዱ አጭር ነበር። ስለራስ አለማውራት ሕግ ነው፤ ሕጉ ተጥሷል፤ በጠያቂነት መቀጠል አልችልም። ሊንዳ ይህንንም በፈገግታ ነው ያለችው። ስለ ክርክሩ የተናገርኩት ግን ድንቅ ስለሆነ በጥናቱ ጽሑፍ ውስጥ እንደሚገባ አበሰረችኝ። በስሜ ነው? ብዬ ጠየቅኋት። ገረማት። እንደ ልማዱ «አንድ ጠያቂ እንደታዘበው» ተብሎ ነው የሚጻፈው አለች።

አንድ ጠያቂ። ስትወጣ በሩን ዝጋው አለችኝ።

ሰኞ ሻትሉ ላይ ተመለስኩ። ማንም ስለ ዶናቱ አላነሳም፤ ያም ራሱ አንድ ዓይነት ማንሳት ነው። ሳሚ ብቻ ሻንጣ እያወጣ ወገቡን ይዞ፣ «ሌክቸረር፣ ይቺ ወገብ ስንት ታወጣለች?» ይለኛል። ዜሮ ነጥብ ሰባት እለዋለሁ። ለምን ሰባት ብሎ ይከራከራል። እጨምርለታለሁ።

እትዬ አስካለን ያገኘኋቸው በሌላው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ውስጥ ነው። ቤዛ መኪናውን ልታቀርብ ሄዳለች፤ እሳቸው ዎከራቸውን ተደግፈው ጥላ ስር ቆመዋል። ገና ሲያዩኝ አሥሩ ዓመቴ የት ደረሰ አሉኝ። የሆነውን ነገርኳቸው፤ ሥራው መቅረቱን፣ ሐሳቤ ያለ ስሜ ሊታተም መሆኑን። በኔ ምክንያት ነው ወይ ብለው ደነገጡ። በእርስዎ አይደለም አልኳቸው፤ እርስዎ በደንብ ነው የተከራከሩት፤ እኔን ግን እነዚህ ሰዎች ሁለተኛ ጊዜ ቀሙኝ፣ ይህን ደግሞ እስክሞት አልረሳውም።

እትዬ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ዕቃ አገላብጠው የሚያዩበት ዓይን ነው።

«ለመጀመሪያው ሰውዬ ሃያ ሁለት ዓመት ሰጠኸው» አሉኝ። «አንዴ ቀንስ ሳትለው፣ የጠራልህን ከፈልክ። ለዚችኛዋስ ስንት ልትሰጣት አስበሃል?»

ነገሩ አናደደኝ። እንግዲህ አሥር ዓመት እቀየማለሁ አልኩ፣ ለመናደዴ ያህል።

«አሥር!» አሉና ሳቁ፤ ያንኑ ሳቅ። «አንድ ወር።»

አንድ ወር? ለሃሳብ ዘረፋ? እንዲያ ከሆነ አምስት ዓመት፣ ከዚያ በታች አይሆንም አልኳቸው። እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ዎከሩን ያዙ፣ ትንፋሽ ወሰዱና ፊታቸውን አዙረው ወደ ቤዛ መኪና መሄድ ጀመሩ።

ዎከሩ አስፋልቱ ላይ ተንኳኳ። አንድ እግር ተጎተተ። ሌላው ተከተለ። ቤዛ ከመኪናው ወርዳ በሩን ከፍታ ትጠብቃለች። ነጭ የለበሰው ሰው ሁሉ በግራና በቀኝ እየተሳሳመ ያልፋቸዋል። ጆሯቸው ወደ ኋላ ዞሯል። እኔም ቆሜ አየኋቸው፤ ያ ጉልበት በእያንዳንዱ እርምጃ ምን እንደሚያስከፍላቸው አሁን ያለ ታብሌት አየሁት። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። መቅጃ የለም። ሕግም የለም።

«እትዬ» አልኩ፣ «እሺ ይመለሱ።»

ቆሙ። ጥቂት አስጠበቁኝ፤ ደንብ ነው። ከዚያ ዞሩ፤ ሠላሳ ዓመት ከዕድሜያቸው የተቀነሰ መስለው ዞሩ።

አንድ ዓመት አልኩ። ፋሲካ አሉ። ፋሲካ ቅርብ ነው አልኩ። ለዚህ ነው ያልኩት አሉ። ፋሲካና ከዚያ በላይ ትንሽ እንኳ አልኩ፣ ቢያንስ ጽሑፉ ታትሞ «አንድ ጠያቂ» የሚለውን በዓይኔ አይቼ እስክናደድ። እሷን ምርቃት አድርግልኝ አሉና እጃቸውን ዘረጉ። ተጨባበጥን። እስከ ፋሲካ። ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ ከፋሲካ በኋላ ዶክተር ሊንዳን ባገኛት ሰላም እላታለሁ።

መኪና ውስጥ ከገቡ በኋላ መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ ቀበቷቸውን ቤዛ እያሰረችላቸው፣ ያንን የድሮውን ቂምስ አትሸጥልኝም ወይ ብለው ጠየቁኝ። ጥሩ ዋጋ እንደሚያስቡልኝም ተናገሩ።

እሱ አይሸጥም አልኳቸው። ኢኮኖሚክስ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ይህን ያህል የከፈልኩበትን ዕቃ እንዴት አድርጌ በቅናሽ እለቃለሁ?